የጠበሉ እንቁራሪቶች

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር ሦስት ሳምንት የተንከባከብናቸው፣ የኋላ እግራቸው ወጥቶ የፊቱም ብቅ ያለላቸው አሥራ አንድ የእንቁራሪት እጮች የሉም። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሰብስቤ ደግሞ ከደባርቅ ተነሥተዋል።

እኔ እስከዳር የትምህርት ቤቱ የላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያስተማሩኝ መጻሕፍቱ ናቸው፤ ብዙዎቹን ከእኔ በፊት የገለጣቸው የለም። የሳይንስ መምህርቷ ስትወልድ አራተኛ ክፍልን ያዝኩ። ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ አይተው ካልወደዱኝ ክፍሉ ይወሰዳል፣ እኔም ወደ አቧራዬ።

ወደ ዘበኛው ገሰገስኩ።

«ጋሽ ቢራራ፣ ጀሪካኑን ማን ደፋው?»

«ማንም አልደፋውም። ትናንት ማታ ከቦታቸው መለስኳቸው።»

«ከየት ቦታ?»

«ከኪዳነምሕረት ጠበል ነዋ! ከዚያ እንደቀዳችኋቸው ተማሪሽ ዓለምዬ ነገረችኝ። ከጠበል የወጣ ነፍስ ጀሪካን ውስጥ ታስሮ ቢሞት በማን ይፈረዳል? በኔ በዘበኛው!»

ልጆቹን «ውሃ ካለበት አምጡ» ብያቸው ነበር። በዚህ በጋ ያልደረቀው ጠበሉ ብቻ መሆኑን የትኛውም መጽሐፍ አልነገረኝም።

«እርስዎ የሚጠብቁት ትምህርት ቤት ነው ወይስ ገነት?»

«ሁለቱንም» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ።

በዚያው ቅጽበት ሱፐርቫይዘሩን የያዘ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ሰብስቤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው፤ «የዛሬው ትምህርት ውጭ ነው።»

ልጆቹን ይዘን ወደ ጠበሉ ወረድን፤ ተጠማቂዎቹ በጠዋት ሄደዋል። ጋሽ ቢራራ መንገድ እየመሩ «ጫማ!» አሉ፤ ሱፐርቫይዘሩም እንደ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ገቡ። ከጠበሉ በታች ያለውን ቦይ አየሁ። ምንም የለም።

«ያቻት!» አለች ዓለምዬ።

እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ አራት እግር ያላት፣ ጭራዋ ግን ገና ያልጠፋ አንዲት ጥፍር የምታህል እንቁራሪት። አጠገቧ ሌላ። ልጆቹ ተንበረከኩ።

«ይቺ አሁን ምን ትበላለች?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ሰብስቤ፤ «ዝንብ» እስኪባሉ እየጠበቁ።

«ምንም» አለች ዓለምዬ። «ጾም ላይ ናት። አፏ እየተለወጠ ነው። ስንቋ ጭራዋ ነው፣ እሱን ጨርሳ ነው የምትፈስከው።»

ሱፐርቫይዘሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ማን አስተማራት?»

«ላይብረሪው» አልኩ።

እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆመው ጻፉ፦ ክፍሉን እስከዳር ትቀጥል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ያጠበቅኩት መቀነት በራሱ የተፈታ መሰለኝ።

ድንጋዩ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። እንቁራሪቶቹ እግር ካወጡ በኋላ የሚተነፍሱት በሳንባ ነው፤ ከውሃው የሚወጡበት ካጡ ይሰምጣሉ። እኔ ደግሞ ጀሪካኑ ውስጥ ጠጠር እንኳ አልጨመርኩም። ያነበብኩትን ገጽ ቸኩዬ አልፌዋለሁ።

«ጋሽ ቢራራ» አልኩ ስንመለስ፣ «ባይመልሷቸው ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር።»

«ለዚህ ነው በጠዋት የጮህሽብኝ?»

ይቅርታ ከአፌ ቶሎ አይወጣም።

ሳቅ አሉና «በይ ጫማሽን አድርጊ፣ ደወል ልመታ ነው። ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል» አሉኝ።