ጠረጴዛ ላይ የዋኘው ዓሣ

መረቡ ለሦስተኛ ጊዜ ባዶውን ወጣ። ባዶውንማ ቢሆን ደግ ነበር፤ አንድ የተበጠሰ የላስቲክ ጫማና እፍኝ የማይሞላ አረም ይዞ ወጣ። ቲጃኒ ጫማውን ከመረቡ ፈልቅቆ ወደ ውኃው ወረወረውና እጁን በሱሪው ጠረገ። የጀልባው አፍንጫ ላይ በሽቦ የታሰረው ስክሪን ግን ምን ቸገረው፣ ዓሣ በዓሣ ሆኗል። ትልልቅ ዓሣ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ሦስት ሆነው የሚያልፉ፣ አምስት ሆነው የሚመለሱ። በሥዕል የሚጠገብ ቢሆን ኖሮ የአሰንዳቦ ሰው በሙሉ ዛሬ ሆዱን እየዳበሰ ይውል ነበር።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለ አብተው። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲቆጣም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «ዓሣው እኮ እግራችን ሥር ነው። ይኸው፣ ይታያል። አባ ኡመይር፣ መረቡን እንዴት አድርገው ነው የሚጥሉት?»

«ሃያ ዓመት እንደጣልኩት» አለ ቲጃኒ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እዚህ ዓሣ የለም። ስንቴ ልንገራችሁ?» ቲጃኒ መቅዘፊያውን አንስቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ሰደደው። ግማሹ እንኳን ሳይሰምጥ ጭቃ ነክቶ ቆመ። «እዩት፤ መሬት ነው። ማሽኑ አሥራ ስምንት ሜትር ይላል። የቱ ጋ ነው አሥራ ስምንት ሜትር?»

ከኋላ ሞተሩን የያዘው ነጋሳ ሳቀ። «አባ ኡመይር ደግሞ! የውጭ ዕቃ እኮ ነው። ዓመተ ምሕረታቸው ከኛ ይለያል፣ ሰዓታቸው ከኛ ይለያል፣ ሜትራቸው ለምን አይለይም?»

አብተውም ልክ ነው በሚል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሚያስቅ ነገር የተባለ አልመሰለውም። ቲጃኒ መቅዘፊያውን አስቀመጠና መረቡን ማጠፍ ጀመረ። ከማሽን ጋር አይጣላ!

ጅማና ዙሪያዋ ሰው በመጀመሪያ ልጁ ስም ይጠራል፤ ቲጃኒም የራሱን ስም ከሰማ ሃያ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬ የሚያጠምዱበት ግድብ ሞልቶ ውኃው አገሩን ሲውጠው በቆሎ ገበሬ ነበር። ጎረቤቶቹ ካሳቸውን ይዘው ሲበታተኑ እሱ ውኃው ዳር ቀረና የራሱ ማሳ ላይ ዓሣ ማጥመድ ተማረ። የማን ቡና የት እንደነበረ፣ ከብቱ የት ይጠጣ እንደነበረ፣ ዋርካው የት እንደቆመ፣ ከውኃው በታች ያለውን አገር በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የጀልባው አፍንጫ የእሱ መቀመጫ ነበር። እጁን ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ «እዚህ ጋ» ሲል መረቡ ይዘረጋል፣ ውኃው በዱላ ይደበደባል፣ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ደንግጦ መረቡ ውስጥ ይገባል። ባዶ እጃቸውን የገቡበት ቀን ጥቂት ነበር።

ማሽኑን የገጠመው ደግሞ ሌላ ማን ይሁን? ልጁ ነው! ኡመይር ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። ከወር በፊት በካርቶን ይዞት መጣ። ሳሙና የሚያክለውን ጥቁር ነገር ከኋላ ጣውላ ላይ በብሎን አስሮ ውኃው ውስጥ ነከረው። የባጃጅ ባትሪ ጄሪካን ቆርጦ ውስጡ አስቀመጠ፤ ገመዱን በመቀመጫዎቹ ሥር አሳልፎ እስከ አፍንጫው ድረስ ሳበው። «ይቺ ጥቁሯ ጆሮ ናት» አለ፣ ማኅበርተኛው ከቦት። «ወደ ታች ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ ትሰማለች። የሰማችውን ስክሪኑ ያሳያችኋል።» ቲጃኒ ያን ቀን ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ልጄ ነው የሠራው» እያለ ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱን እጅ የሚያይ እንደሌለ የገባው ሳምንት ቆይቶ ነው።

«እንግዲህ» አለ አብተው፣ ጀልባው ዳር ሲደርስ። «ነገ ኡመይር መጥቶ ያየዋል። ማሽኑ ችግር ካለበት ይናገራል። ከሌለበት ግን… ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ ኡመይር፣ ሰው እያወራ ነው።»

«ምን እያለ?»

«ቀንተው ነው፤ ማሽኑ እንዳይሳካ መረቡን ሆን ብለው አላልተው ነው የሚጥሉት ይላል። እኔ አላምንም። ግን ማሽኑ ደኅና ከሆነ እርስዎን ጀልባ ላይ ማቆየት አልችልም።»

ቲጃኒ በሃያ ዓመት አንድም ቀን መረብ አላልቶ አያውቅም። በማሽን ቀና ይባል? በዚያ ላይ ልጁ በገጠመው ማሽን?

ስክሪኑንና ባትሪውን ሌባ እንዳይነካቸው ወደ ቤት ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። አሱር ሰግዶ ሲጨርስ ስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከባትሪው ጋር አገናኘው። እውነቱን ለመናገር ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። ምናልባት ሥዕሉን ማንበብ አልቻልኩም ይሆናል፤ ደጋግሜ ባየው ይገባኝ ይሆናል ብሎ ነው።

ባለቤቱ ሐጂራ ጎመን እየቀነጠሰች አንገቷን አሰገገች።

«ምንድነው እሱ የሚሄደው?»

«ዓሣ ነው።»

«የት ያለ?»

ቲጃኒ ሊያሳያት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ዓሣ አለፉ። አምስቱ ተመለሱ። አሥራ ስምንት ሜትር ይላል። ስክሪኑን ገለበጠው፤ የጆሮዋ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ባዶ ነው። ጆሮዋ ጀልባው ላይ፣ ጀልባው ደግሞ ሩብ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቦታ ታስሯል።

«የት ያለ ዓሣ ነው እኮ?» አለች ሐጂራ እንደገና።

«እዚህ ያለ! ጠረጴዛችን ላይ ያለ!» ቲጃኒ ሳቁን ለቀቀው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አሥራ ስምንት ሜትር ውኃ ውስጥ ነው የተቀመጥነው፣ ሐጂራ! ዋና ትችያለሽ?»

«አስተግፊሩላህ፣ ሰውየው አበደ» አለች እሷ፣ ግን እሷንም ሳቅ ያዛት። ባሏ ሲስቅ ካየች ሳምንታት ሆኗት ነበር።

ስልኩን አነሳ። «ኡመይር፣ ቤታችን ዓሣ ገብቷል» ብሎ ያየውን ነገረው።

«አባ» አለ ኡመይር። «ከላይ ጥጉ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር አለ?»

«አለ። እንግሊዝኛ ነው። እኔ በምን አውቄ ላነበው?»

«ያ ረቢ! ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ለገዢ የሚታየውን ማሳያ ከፍቼ ነበር። ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። ዓሦቹ… ፊልም ናቸው፣ አባ።»

«ፊልም!»

«ሁለት ቁልፍ ተጭኖ የሚስተካከል ነገር ነው። ነገ በጠዋት መጥቼ አስተካክለዋለሁ። እባክዎን ለማንም አይናገሩ። ሰኮሩ ያሉ ሁለት ማኅበራት ግጠምልን ብለውኛል፤ ይሄ ከተሰማ አለቀልኝ።»

«እኔስ? እኔን ነገ ከጀልባ ሊያወርዱኝ ነው፤ ቀንቶ ነው ተብያለሁ!»

«እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ። ወላሂ፣ አባ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ቲጃኒ። «እንግዲያው ካንተ አፍ ይውጣ። እኔ አልተነፍስም።»

ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በማግስቱ ኡመይር በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። አባቱን ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ቲጃኒ ትከሻውን ይዞ አቀናው። ልጁ ስክሪኑን አሰረ፣ ጆሮዋን ሰካ፣ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ቁልፎቹን ተጫነ። አራቱ ጀልባ ላይ ወጡ። ቲጃኒ ከአሁን አሁን ይናገራል ብሎ ልጁን ልጁን ያያል። ኡመይር ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

ሥዕሉ ዛሬ ሌላ ነው። እንደ ትናንቱ አላማረም፤ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይንቀጠቀጥበታል፣ ዓሣም የለበትም። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ይላል። ቲጃኒ መቅዘፊያውን ሰደደ፤ አንድ ሜትር ተኩል ነው። መቅዘፊያውን ወደ ቦታው መለሰው።

«ወዴት እንሂድ?» አለ አብተው፤ የጠየቀው ኡመይርን ነው።

«ዝም ብለን እንዙር።»

ዞሩ። ቲጃኒ ሁልጊዜ በሚጥልበት፣ የደረቁት ዛፎች ጫፍ በወጣበት ቦታ ሲያልፉ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ዓሦች ብቅ አሉ። ቲጃኒ ልቡ ሞቅ አለ። «እዚህ ጋ» ሊል እጁን ሲያነሳ ኡመይር «ቆይ፣ ወደፊት» አለ። ጀልባው ወደ ድሮው ወንዝ መሄጃ አለፈ። መሬቱ ስክሪኑ ላይ ገደል ሆኖ ወረደ፦ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አምስት ሜትር። እዚህ ቦታ ላይ ቲጃኒ ሃያ ዓመት ሙሉ መረብ አስጥሎ አያውቅም። «ገደል ነው፣ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ዓሣ አይወደውም» ይል ነበር፤ ሁሉም ሰምተውታል።

«አቁመው!» አለ ኡመይር።

ከላይ ሁለት ሜትር ላይ ስክሪኑ ጠቁሯል። ዓሣው ተደራርቧል። ቲጃኒ መረቡን ጣለ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አጥብቆ ጥሎ አያውቅም። ነጋሳና አብተው ውኃውን ደበደቡ። ሲስቡት መረቡ ለአራት ሰው ከበደ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ነጋሳ፣ ቆሮሶው እግሩ ሥር ሲንፈራገጥ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በላዩ ላይ ስናልፍ ኖረናል!»

ቲጃኒ ዓሣውን ከመረቡ እየፈታ አቀረቀረ። ይኼስ እውነት ነው። ማሽኑ አሸንፎታል፤ ያውም እሱ በቃሌ አውቀዋለሁ በሚለው አገር ላይ። ይዋጥለታል አይባልም፣ ግን እውነት ነው፤ እውነቱን ደግሞ ማንም ሊክደው አይችልም። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ አፉን ከፍቶ የዚህ ወር ጥፋት የማን እንደሆነ መናገሩ።

ሁለተኛውም መረብ ሞልቶ ወጣ። ወደ ዳር ሲመለሱ አብተው ጠየቀ።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነበር፣ ኡመይር?»

ኡመይር ስክሪኑን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አንዴ ጠርጎት ሲያበቃ እንደገና ጠረገው።

«ገመዱ ነው» አለ። «አባ በሚቀመጡበት ጣውላ ሥር ነው የሚያልፈው። ሲረገጥ ሥዕሉን ያዛባዋል። ሽማግሌ ናቸው፣ ሳያውቁ ነው። አይፈረድባቸውም።»

«በቃ!» ነጋሳ ሳቁን ለቀቀው። «እኛ እጃቸውን እንጠረጥራለን፣ ለካ እግራቸው ኖሯል!»

አብተው አልሳቀም። የእሱ ደግነት ከነጋሳ ሳቅ የባሰ ነበር። «አይ፣ እንዲህ ከሆነማ ምንም ችግር የለም። ክፋት የለበትም ማለት ነው። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ዳር ሆነው መረብ ቢጠግኑልን ምን ይመስልዎታል? ፀሐዩም አይመታዎት። ደግሞ ገመዱም…»

ቲጃኒ ልጁን አየው። ኡመይር ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም፤ ጆሮው ግን ደም መስሏል። አንዲት ቃል ነበረች። «ፊልም» ቢል ያበቃል። ነጋሳ ይስቃል፣ አብተው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፣ ወሬው ምሳ ሳይደርስ ሰኮሩ ይገባል። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር።

«ረግጬው ይሆናል» አለ።

ከጀልባ ሲወርዱ አብተው ትልቁን ቆሮሶ መርጦ በጥቁር ፌስታል ለኡመይር ሰጠው። አባትና ልጅ ወደ አስፋልቱ የሚወስደውን አቀበት ወጡ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምን ላድርግ፣ ነጋሳ የሰኮሩን ሰዎች ያውቃቸዋል። ልናገር ነበር፣ ወላሂ ልናገር ነበር…»

«ኤዬ፣ አዎ። ገብቶኛል።»

«የሰኮሩን ልጨርስና እክስዎታለሁ። አዲስ መረብ…»

«ዲሲ» አለ ቲጃኒ። ተወው ማለቱ ነው። እንደዚያ ብሎ ዝም ማሰኘት ኡመይር ልጅ ሳለ የቀረ ነገር ነበር።

አስፋልቱ ጋ ደረሱ። ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ከዚህ ይታያል። ኡመይር ሊሻገር እግሩን አነሳ።

«እናቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችን ነው፤ ሁለቴ ደውላለች» አለ፣ ፌስታሉን እያሳየ። «ይሄንንም ትጠብስልናለች።»

ከሰኮሩ በኩል ሚኒባስ እየመጣ ነበር። ቲጃኒ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ አስቆመው። ረዳቱ «ጅማ! ጅማ!» እያለ በሩን ከፈተ።

«ግባ።»

«አባ? እናቴን ሳላያት?»

«ሥራ በዝቶበት ተመለሰ እላታለሁ።»

ኡመይር የአባቱን ፊት አየ፤ የሚቀልድ ፊት አልነበረም። ረዳቱ «ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ። ልጁ ገባና መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ። ቲጃኒ እጁን ዘርግቶ ፌስታሉን ተቀበለው።

«ይሄንንም ልጅሽ ላከልሽ እላታለሁ።»

«ማታ ልደውል፣ አባ?»

«ለእሷ ደውልላት» አለ ቲጃኒ፤ የሚኒባሱንም በር ራሱ ዘጋው።