ለስለት የቀረበው ኮምፒውተር

ዘመናትን በእጁ የያዘ፣ በልብ የተሸሸገውንም ሳይነግሩት የሚያውቅ እግዚአብሔር ይህችንም ነገር ያውቃታል።

በጭሮ ከተማ ኪሮስ የሚባል ሰው አለ። አባቱ አቶ መኮንን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረው ሲያርፉ፣ ባለ ትልቅ ሆድ ስክሪን ኮምፒውተራቸውን አወረሱት። ጠጋኙ ጂብሪል ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ኪሮስ፣ ለመለዋወጫም አይሆን። ሐዘኑን አልቻለም መሰለኝ፣ ተከትሏቸዋል።»

ሚስቱ ሩሐማ ለቆራሌው እንዲሰጠው ብትመክረው፣ «ያባቱን እንጀራ ለቆራሌ ሸጠ ልባል?» ብሎ እምቢ አለ። ይልቁንስ አቧራውን ወለወለ፣ ነጭ ነጠላ አለበሰውና በንግሡ ዕለት «ለአባቴ ነፍስ» ብሎ ለደብሩ ስለት አስገባው። ሕዝቡ እልል አለለት። እንደ ልማዱ ለጨረታ ሲቀርብ፣ አንዱ ባለጸጋ ለበረከት ገዝቶ ከቤቱ ጥግ ያኖረዋል ብሎ ነበር ኪሮስ ያሰበው።

አጫራቹ መምህር ደረጀ፣ «የጋሽ መኮንን እጅ ያረፈበት ነው! ማነው በረከት የሚወስድ?» ሲሉ ግን፣ ጎመን ሻጯ እማማ እንቁ እጃቸውን አነሡ። አንድ የጫት ነጋዴ ጨመረ፤ እርሳቸውም ጨመሩ።

«እማማ፣ ጎመኑን በኢንተርኔት ሊሸጡ ነው?» አለ ነጋዴው።

«ዝም በል አንተ! የልጅ ልጄ ሰርካ ኮምፒውተር የምትማረው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎላት ነው።»

ነጋዴው ስቆ ተወላቸው። እማማ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈተው ገንዘቡን ሲሰጡ የኪሮስ ፊት ነደደ። አንካሳ በግ ለመሥዋዕት መጎተቱን ያን ጊዜ አወቀ። ዝም ቢል ማንም አይደርስበትም ነበር፤ ነገር ግን እግሩ ወደ ፊት ወሰደው።

«እማማ፣ አይግዙት። አይሠራም። እያወቅሁ ነው ያመጣሁት።»

መምህር ደረጀ ገንዘቡን ሊመልሱላቸው ቢዘረጉ፣ እማማ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም። ይኼ ልጅ በሰጠው ነገር ራሱ ይጨነቅበት።»

በማግሥቱ ኪሮስ ራሱ የሚሠራበትን ላፕቶፕ ይዞ ከእማማ እንቁ ደጅ ቆመ።

«ለሰርካ ነው» አለ።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው እዚሁ ከፍተህ አሳየኝ። ያንተን ነገር ሳላይ አልቀበልም።»

ከደጃፉ ተንበርክኮ ከፈተው። ጎረቤቱ ከአጥር በላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር፤ ኪሮስም ስክሪኑ በርቶ እንኳ ቀና ማለት አቃተው።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን በቀና እጅ በተሰጠ በረከት ይሙላልህ፤ ልጆችህንም አንገት ከሚያስደፋ ነገር ይሰውርልህ። አሜን።