የቆጮው ድንጋይና የመምህር ታሪኩ ሆድ

መምህር ታሪኩ ሽማግሌ ሳይልክ ፎቶ አንሺ የቀጠረ ሰው ነው። ቤቴልን ለማግባት እናቷ ገና አልተጠየቁም፤ ቀለበት የለ፣ ቀን የለ፣ የፎቶው ነገር ግን ቀብድ ተከፍሎበት አልቆለታል። ዲላ ዋናው መንገድ ላይ ካለ ፎቶ ቤት መስኮት ውስጥ አንድ ሙሽራ ተሰቅሏል፤ ሐይቅ ዳር ቆሞ ነጭ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቷል፣ የሆዱ ጡንቻዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ታሪኩ ይህን ፎቶ ካየ ወዲህ ሰላም የለውም። መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ሸሚዝ ሲገልብ የሚቆጠረው ጎድኑ ብቻ ነው።

ሰውዬው ወናጎ ባዮሎጂ ያስተምራል። ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚዛን ላይ ከነጫማው ሲወጣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ። ተከራይቶ የሚኖረው በወይዘሮ ሸዋነሽ ግቢ ከጓሮ ባለችው ክፍል ሲሆን፣ ቤቴል ደግሞ የወይዘሮ ሸዋነሽ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ዲላ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በቧንቧው ዙሪያ ሲላመዱ እናቲቱ እያዩ እንዳላዩ ሆነዋል። የቀረው ሥራ የሽማግሌ ነበር። ታሪኩ ግን መጀመሪያ ሆዴ ይድረስ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን በነገረው!

ዲላ ጂም ያለው አሰልጣኝ ሚሊዮን ሆዱን በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ምንድነው የምትሠራው?» አለው።

«በቀን አምስት መቶ ሲት አፕ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ትንፋሽ ታገኝ ይሆናል እንጂ ሆድህ አይወፍርም። የሆድ ጡንቻ እንደ ክንድ ነው፣ ክብደት ካላየ ምን ብሎ ይወፍራል? ደረትህ ላይ ክብደት ይዘህ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ ሦስት ዙር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ መሃሉን እረፍ። ሲቀልህ ጨምር።»

ታሪኩ ወናጎ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሚያስበው ክብደት ከየት እንደሚያመጣ ነበር። መልሱ ከክፍሉ በር አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ጠበቀው።

እዚያ የቆጮ ጉድጓድ አለ። የአገሩን ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ላላየው ግን፣ እንሰት ተፍቆ በገዛ ቅጠሉ፣ በኮባ፣ ይጠቀለልና ጉድጓድ ገብቶ፣ በድንጋይ ተጭኖ ይብላላል። በደንብ ካልተጫነ አየር ይገባዋል፣ አየር የገባው ቆጮ ይጠቁራል። የወይዘሮ ሸዋነሽ ድንጋይ ደግሞ ከመንገድ የተለቀመ አልነበረም። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሃያ አምስት ኪሎ የሚሆን፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ነው፤ ከአሪቻ ሲዳሩ ሁለት ወንዶች በወሳንሳ ተሸክመው ያመጡላቸው። ለእናታቸውም ከእናታቸው የመጣ ነበር። በእሳቸው ዘር የመጀመሪያ ሴት ልጅ ስትዳር የጉድጓዱን ድንጋይ ይዛ ትወጣለች፤ ወርቁ ቢቀር ይቀራል፣ ድንጋዩ አይቀርም።

ታሪኩ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ድንጋዩ ደረቱ ላይ ልክክ ማለቱን ነበር። ወይዘሮ ሸዋነሽ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማለዳ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ እሱ ድንጋዩን ከጉድጓዱ ላይ አንስቶ ያቅፈዋል፣ ልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ አጠገብ ይንጋለላል፣ ሦስት ዙር ይነሳል ይተኛል፣ ከዚያም «አሜን» ብለው ሳይመለሱ ቦታው ይመልሰዋል። በሦስተኛው ሳምንት እምብርቱ አካባቢ አንድ ነገር ጠጠር ሲል ተሰማው። በደስታ ብዛት ያን ቀን ሽማግሌዎቹን ለእሁድ ቀጠረ።

ሚሊዮን ግን፣ «ቀሎሃል፣ ጨምር» አለው።

ድንጋይ በምን ይጨመራል? የሳይንስ መምህር አይደል፣ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል ብሎ ሐሙስ ማለዳ ሩብ ሰዓት በርሜል ውስጥ ዘፈዘፈው። ድንጋዩ ውኃ አልጠጣም፤ አሟለጨ እንጂ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከክንዱ ሾልኮ በራሱ ላይ አለፈና ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ለሁለት ተከፈለ። እኩል ለእኩል፣ በቢላ እንደተቆረጠ አምባሻ።

ቤቴል የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ከቧንቧው አጠገብ ቆማለች። አረፋውን ተፋችና፣ «ታሪኩ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ ድንጋይ እኮ የእኔ ነበር።»

ነገሩን ሁሉ እዚያው ነገረችው። ታሪኩ ያን ጊዜ ያለቀሰው ለድንጋዩ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈራት የኖረችውን አንዲት «እምቢ» በገዛ እጁ ሠርቶ ለእናቲቱ እንዳቀበላቸው ስለገባው ነው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ አልጮኹም። ሁለቱን ክፋይ አገጣጠሙ፣ ለቀቁ፣ እንደገና አገጣጠሙ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ለሆዴ ብዬ ነው።»

«ለሆድህ? ርቦህ ነው?»

«አይደለም፣ የሆዴ ጡንቻ እንዲወፍር…»

«ሆድ የሚወፍረው በቆጮው ነው። ድንጋዩን ምን ልታደርገው?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት መሪው ጋሽ ሠረቀብርሃን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ አባታቸው ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ፣ እሳቸውም ቦርጫቸውን እንደ ሹመት ይዘው የሚሄዱ ሰው። ገና «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ አቋረጧቸው።

«ልጄ ያለ ድንጋይ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

«ድንጋይ ከሆነ ችግሩ እናመጣለን» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ አገሩ ድንጋይ የሞላው መሆኑን በእጃቸው እያመለከቱ።

በሦስት ቀን ሦስት ድንጋይ መጣ። ወይዘሮ ሸዋነሽ እያንዳንዱን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከጪጩ ወንዝ የመጣው «ባዶ ነው» ተባለ። ከድንጋይ ካባ የመጣው «ውስጡ ስንጥቅ አለ» ተባለ። ሦስተኛው ጠጠርና አሸዋ በሲሚንቶ ተቦክቶ የተሠራ ነበርና «ይሄ ድንጋይ አይደለም፣ መንገድ ነው» ተባለ። በመጨረሻ ሚሊዮን ከጂሙ ክብ ብረት ይዞ ሲመጣ ጭራሽ አላንኳኩትም። «ዝገት ልታበላኝ ነው?»

ከዚያ ወይዘሮ ሸዋነሽ ጉድጓዱን አዩ። ከዚያ ታሪኩን አዩ።

«አንተ መምህር፣ ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ተኛበት።»

ታሪኩ ከመካከላቸው አንዱ ይስቃል ብሎ ጠበቀ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ፍርዱ ተገቢ ነው። ያጠፋ ይተካል» አሉ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ጉድጓዱ ከሰባት ሳምንት በኋላ ይከፈታል። ቆጮው ነጭ ከሆነ ስለ ቤቴል ይነጋገራሉ፣ ከጠቆረ ታሪኩ ሻንጣውን ይዞ ከግቢው ይወጣል።

እናም ተኛ። ኮባው ላይ ሳንቃ ተነጠፈለት፣ ሁለቱ ክፋዮች ደረቱና ጭኑ ላይ ተጫኑበት፣ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ ተወጠረለት። ጠዋት ለማስተማር ሲሄድ ዋስ የሆኑት ጋሽ ሠረቀብርሃን ጋዜጣቸውን ይዘው ይተኩታል። በእሳቸው ላይ ወይዘሮ ሸዋነሽ ቅሬታ ነበራቸው፤ ቦርጫቸው መሃሉን ብቻ ይጫናል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል፤ ግን ሽማግሌ ናቸውና ፊት ለፊት አልተናገሯቸውም።

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ ሸዋነሽ እጃቸውን ከኮባው ሥር አስገብተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሰው ልል ነው። ክብደትህ አይደርስም። እስቲ ተነስና ተኛ።»

ክፋዩን እንዳቀፈ ተነሳና ተኛ። ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ረጅም አየር ፉስ ብሎ ወጣ።

«እንዲህ ነው እንጂ! ድገም።» በጌዴኦኛ ይቆጥሩ ጀመር። አሥራ ሁለት ላይ «ትንሽ ተንፍስ» አሉት። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በሳምንቱ የሞላ ጀሪካን ጨመሩበት። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካኑ ወርዶ ወፍጮ ድንጋይ ወጣ። ሚሊዮን ሊጠይቀው መጥቶ ቆሞ አየ፣ ማስታወሻ ያዘ።

«እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?» አላቸው።

«ምኑን?»

«አሠራሩን። በየሳምንቱ መጨመሩን።»

«ቆጮ ሲበስል ይወርዳላ! ካልጨመርክበት ይላላል። ይሄ ትምህርት አለው?»

ሚሊዮን መሃል መሃሉን ካላረፈ ጡንቻው አይሠራም ብሎ ተከራከራቸው። «ድንጋይ አርፎ ያውቃል?» አሉ መጀመሪያ፤ በኋላ ግን አሰቡና መነሳት መተኛቱን በሳምንት ሦስት ቀን አደረጉለት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። በሌላው ቀን መተኛት ብቻ።

ወናጎ ነገሩን ለመደ። ተማሪዎች ደብተር ይዘው እየመጡ እዚያው ያርምላቸዋል። ከጪጩ ሁለት ሴቶች መጥተው መምህሩን ለእኛም ጉድጓድ ቢያውሱን ብለው ጠየቁ፤ ወይዘሮ ሸዋነሽ «የዕቃ ውሰት አልወድም» ብለው መለሷቸው።

ቤቴል ከሥራ ስትመለስ እራቱን ይዛ ጉድጓዱ ዳር ትቀመጣለች። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከኮባው ሥር ክፉ ሽታ የሸተተው መሰለውና እጇን ያዛት።

«ከጠቆረ ምን ልሆን ነው፣ ቤቲ? በዚህች ሆድ ምክንያት ላጣሽ ነው።»

«ሆድህን ማን ጠየቀህ? እኔ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

አልጠየቀችውም። ስለዚህ ስለ ፎቶው ነገራት፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለተከፈተው ሸሚዝ፣ ስለ ቀብዱ። ቤቴል አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ሳቋ እጇን አልፎ እናቷ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ሞኝ ነህ፣» አለችው፤ «ብቻ እባክህ፣ ቆጮውን በደንብ ተጫነው።»

ታሪኩ የዚያን ሳምንት አሥራ ሁለቱን አሥራ አምስት አደረገ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሱፍ ለብሰው መጡ። ታሪኩ ለመጨረሻ ጊዜ ሳንቃውን ለቆ ቆመ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ኮባውን አንድ በአንድ ገለጡ። የላይኛው ቡናማ ነው። ቀጣዩ ጠቆር ያለ ነው። የመጨረሻውን ሲገልጡት ቆጮው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ዳር እስከ ዳርም እኩል ነው፣ የጋሽ ሠረቀብርሃን ቦርጭ መሃል ላይ ከተወው ትንሽ ስርጉድ በስተቀር። ወይዘሮ ሸዋነሽ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ ቆንጥረው ቀመሱ።

ታሪኩ ፊት ሄደው ቆሙ። ሸሚዙን ገለቡት። ስምንት ጡንቻ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፣ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ካለው ሰውዬ ይወፍራል። ወይዘሮ ሸዋነሽ ግን አልቆጠሩም። በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና አንኳኩ። ግቢው ሁሉ አብሯቸው አዳመጠ።

«ስንጥቅ የለውም» አሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቤቴል፣ ለእኔ እናቴ ሰጠችኝ፣ እኔ ደግሞ ላንቺ። ድንጋይሽ ይኸውልሽ። ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፊው።»

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ታሪኩ ሊስምና ሊያመሰግን ጎንበስ ሲል ወይዘሮ ሸዋነሽ ትከሻውን ይዘው ደንቡን ነገሩት፤ በእሳቸው ዘር ለሙሽራ የተሰጠ ድንጋይ በሠርጉ ቀን ከግቢው ከወጣ አዲሱ ቤት እስኪደርስ መሬት አይነካም።

በሠርጉ ቀን ሚሊዮንና ጋሽ ሠረቀብርሃን በወሳንሳ ተሸከሙት። ሙሽራዋ በነጭ ቬሎዋ ከፊት ትሄዳለች። ጪጩ ሲደርሱ ፎቶ አንሺው፣ ቀብድ የበላው ያው ሰውዬ፣ ካሜራውን ደቅኖ መንገድ ዳር ጠበቃቸው። «ሙሽራው፣ እስቲ ሸሚዝህን ክፈትልኝ!»

ታሪኩ ፈጥኖ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ተው፣» አለች ቤቴል፣ እናቷን በመሰለ ድምፅ፤ እቅፍ ሙሉ ኮባ ከሚዜዋ ተቀብላ ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ሸፈነችው። «የጉድጓድ ድንጋይ ተገላልጦ መንገድ አይሄድም።»

ፎቶው ዛሬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ። ቤቴል አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፣ ሁለት ሰዎች ላብ አጥልቋቸዋል፣ መሃላቸው ላይ የኮባ ክምር አለ። ከክምሩ ጫፍ የአንድ ደስተኛ ሰው ራስ ብቅ ብሏል።