ስድስት ነጭ ካቴናዎች

«ያሸነፈው ካቴናዬ ነው!» ብሎ ጮኸ የብስክሌት ቡድኑ መካኒክ፤ የእቃ መኪናው ቆርቆሮ ድምፁን ተቀብሎ ነዘረ።

ጋዜጠኛዋ የድምፅ መቅረጫዋን ከአፉ አላራቀችም። «ባለፈው ወር አሥራ አንደኛ የወጣ ቡድን ዛሬ ሁለተኛውን በደቂቃ ተኩል ጥሎ ሲገባ፣ ሰዉ አበረታች መድኃኒት ወስደዋል ቢል ይፈረድበታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰም አቅልጠሽ ታውቂያለሽ? እኔ ክረምቱን ሙሉ ከሰም ጋር ነው የኖርኩት። ሚስቴ ድስቷን ተነጥቃ ልትፈታኝ ነበር! ያለ ሰበቃ እንዲሽከረከር የስድስቱንም ብስክሌት ካቴና ከዘይት ይልቅ በሰም ቀቅዬ ነው የሰጠኋቸው። ጻፊው! ከነፎቶዬ አውጪው!»

«ካቴናውን ፎቶ ላንሳዋ።»

«ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነይ። አቧራውን ላራግፍለት።»

ሄደች፤ እሱ ግን ማጉረምረሙን አልተወም። የቡድኑ አለቃ የእህቱ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ ብስክሌት ሲያስተምረው ኮርቻውን ይዞ ከኋላው እየሮጠ ስንት ጫማ ጨርሷል። ያንን ልጅ ሌባ ሲሉበት ዝም ይበል?

በቡድን የሰዓት ሙከራ ስድስቱ ተከታትለው ይጋልባሉ፤ በየተራ ከፊት ሆነው ንፋሱን ይከላከላሉ። ሰዓቱ የሚያዘው አራተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነውና፣ ሁልጊዜ አንዱ ሁለቱ ደክመው ወደኋላ ይቀራሉ። ዛሬ ስድስቱም እንደተጣበቁ ገቡ። ዳገት በወጣ ቁጥር የሚያስታውከው የእህቱ ልጅ እንኳ እያፏጨ ነበር ከብስክሌቱ የወረደው። መካኒኩ ግን በደስታ እያለቀሰ ስለነበር ልብ አላለውም።

የመጀመሪያውን ብስክሌት ገልብጦ ካቴናውን ጠረገ። ጨርቁ ጠቆረ። ሰም ደግሞ ጨርቅ አያጠቁርም። ሁለተኛውን ጠረገ፤ ጥቁር ዘይትና የልምምድ አሸዋ። ሦስተኛውም ያው። ቀና ብሎ በመኪናው ግድግዳ ሽቦ ላይ አቧራ መከላከያ ያለበሰውን አንሶላ ገለጠው።

ስድስቱም ነጭ ካቴናዎች ትናንት ባሰጣቸው ቦታ እንደታጠበ ካልሲ ተንጠልጥለዋል። ለካ ጠዋት ዳኞቹ ብስክሌቶቹን ለመለካት ሲያጣድፉት፣ ቀየርኩ ብሎ ሳይቀይራቸው ቀርቷል!

በራሱ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ የጠቆረውን ጨርቅ እንደገና አየ። ካቴናው እዚህ ከዋለ፣ ደቂቃ ተኩሉ ከየት መጣ?

በሩ ተከፈተ። የእህቱ ልጅ ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ገባ። «ጋሼ! ጋዜጠኛዋን ልክ አስገባሃት አሉ! ካቴናውን አሳያትና አፏን ዝጋልን።»

«እንዴት ነበር ካቴናው?»

«አይወራም! ቅቤ በለው፣ ቅቤ!»

መካኒኩ አንዱን ከሽቦው አውርዶ መዳፉ ላይ ጣለለት። «ቅቤው ይኸው። ከዚህ ንቅንቅ አላለም።»

ልጁ ካቴናውን አየ፤ ጥቁሩን ጨርቅ አየ። ሜዳሊያው ደረቱ ላይ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ዳገቱ ላይ ያልመጣው ትንፋሽ አሁን መጣ።

«ጋሼ... ሌላ ያየ ሰው አለ?» አለና በሩን በመወርወሪያ ዘጋው።

«ኮርቻውን የለቀቅሁልህ ለዚህ ነው? ለዚህ?» ጥቁሩን ጨርቅ ወለሉ ላይ ወረወረ። «እኔን አሮጌውን ድስት ደግሞ በአደባባይ አስለፈለፍከኝ!»

በሩ ተንኳኳ። «ጋሼ፣ መጥቻለሁ፤ ይክፈቱልኝ!» አለች ጋዜጠኛዋ።

ልጁ በጉልበቱ ወድቆ ነጩን ካቴና ብስክሌቱ ላይ ለመግጠም ተጣደፈ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። «ጋሼ፣ አንዱን ብቻ... አንዱን ግጠምልኝና ታንሳው። በእናቴ!»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ያዘው፤ ያኔ ኮርቻውን ይይዝ እንደነበረው አጥብቆ። አልለቀቀውም። በሌላው እጁ የበሩን መወርወሪያ ሳበ።