መድረሻ የሌለው ሆምወርክ

ባለቤቴን ዱካሞን ከሱቅ ወደ ቤት በእግሩ ሲመጣ አንድ ሰው ከኋላ ተከትሎ ገደለብኝ። ሦስት ወር ሳይሞላው ልጃችን ፊቤ፣ "እማ፣ ዛሬ ለሆምወርክ አንድ ሰዓት ብቻዬን በእግሬ እዞራለሁ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"የትም። ጫካ ለጫካ ስለሚዞሩ የአሜሪካ ጸሐፊዎች እየተማርን ነው። ቲቸር እናንተም ዝም ብላችሁ ሂዱና ያያችሁትን ጻፉ ብላናለች።"

"ይህቺ ቲቸር ጢም አላት?"

"እማ፣ ፕሊስ!"

አላመንኳትም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም፣ እኛ ሐበሻ ባለሱቆቹ ከበር እስከ መኪና ካልሆነ በእግራችን አንሄድም። ወንድ ቀጥራ ይሆናል ብዬ ዕቃ በምንጭንባት ነጭ ባኪ፣ በፒክአፓችን፣ ቀስ እያልኩ ተከተልኳት።

ፊቤ ባዶው ሜዳ ላይ ቆማ ሣሩን ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ወደ መኪናው ተመልሳ ደብተሩን በመስኮት ሰጠችኝ። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል አነበብኩት።

"ከኋላዬ ነጭ ባኪ አለ። እናቴ ናት። አባቴን የተከተለው ዘመድ አልነበረም።"

መኪናውን ቆልፌ ወረድኩ።

"ስንት ደቂቃ ቀረሽ?" አልኳት።

"ሃያ። ግን ብቻችሁን ነው የተባልነው።"

"እሺ፣ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ" አልኳት።