ሚስ ስታብስ ዝም ያለችበት ሐሙስ

ሎሬይን ስታብስን አስተማሪ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው የፈለገውን ወረቀት ይስጣት፣ ሚስተር ፔልም የፈለጉትን ያህል እጇን ይጨብጡ፤ ዋናውን ሥራ የሠራሁት እኔ ፍራንኪ ታስከር ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ደወል ሳይደወል፣ የሳይንስ ክፍላችን በር ላይ ቆሜ ገቢውን ሁሉ አንድ በአንድ እፈትን ነበር።

"ጨው በረዶን ለምን ያቀልጣል?"

"ጨው ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ" አለ ዴክስተር ማስቲካውን እያላመጠ።

"ማስቲካውን ትፋ። ደግሞ እጅህን አውጥተህ ነው የምትመልሰው። ስትቀመጥም ቀጥ ብለህ ነው።"

"እናቴ እንኳን እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም።"

"እሷ ብታዝህ ኖሮ እኔን ምን አደከመኝ። ግባ።"

ሎሬይን ጎረቤታችን ናት። እዚህ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምዝቢ የኛ መንገድ ቤቶች ጎን ለጎን የተጣበቁ ስለሆኑ በመካከላችን ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እናቴ ከዚህ ወዲያ ሆና ይማርሽ ትላለች። ኬሚስትሪ ተምራ ተመርቃለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜዋን የጨረሰችው ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የቀዘቀዘ ዓሣ ናሙና ስትመረምር ነው። ባለፈው መስከረም በአርባ አንድ ዓመቷ ያንን ሁሉ ትታ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሠልጣኝ መምህርት ሆና ተቀጠረች። ሥራው ላይ ሆኖ ሥራውን መማር ማለት ነው፤ ደመወዝ እየተከፈላት እኛን ታስተምራለች፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ እሷም እንደኛ ተማሪ ሆና ትቀመጣለች። ግቢ ውስጥ "ሚስ" እና "እርስዎ" ነው የምላት። ቤት ከገባን ሎሬይን ናት፤ አንቺ።

አንድ በሽታ ነበረባት፤ ዝምታ አትችልም። ጥያቄ ትጠይቅና ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት ራሷ ትመልሰዋለች። የካቲት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ገምጋሚ የጣለቻት በዚሁ ነው። ሚስተር ፔል የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊና አሠልጣኟ ናቸው፤ ያን ቀን ኮሪደር ላይ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። "ሎሬይን፣ የምታስተምሪው ራስሽን ነው። ልጆቹ ተመልካች ናቸው።" ይህ ሐሙስ ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሏ ነበር። ከወደቀች ሥልጠናው አበቃ፤ መመለሻዋ ወደ ዓሣው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ስትለማመድ ሰማኋት። የምታስተምረው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዋን ነበር። "ጨው በረዶን ለምን ያቀልጣል?" ትለዋለች። ጠረጴዛው ዝም። ወዲያው ራሷ ትመልስለታለች። እኔም ከጠረጴዛው ያልመጣ መልስ ከእኛ ይምጣ ብዬ፣ ጥያቄዎቿን ሁሉ ከነመልሳቸው በቃሌ ይዤ ክፍሉን አስሸመደድኩት። ሎሬይን አላወቀችም። ስጦታ ቀድሞ አይነገርም።

ደወሉ ተደወለ። ገምጋሚዋ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ሚስተር ፔል ከጎኗ። ሎሬይን ለሠርግም ለቀብርም የምትለብሰውን ሰማያዊ ኮት ለብሳ ገባች።

"እንደምን አደራችሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ ሚስ" አልን በአንድ ድምፅ። እንዲህ ብለናት አናውቅም። ትንሽ ደንገጥ አለች።

"ብርድ ሲገባ መንገድ ላይ ጨው ሲበተን አይታችኋል። እና ጨው በረዶን..."

የክፍሉ እጅ ሁሉ ወጣ። ዴክስተር ተነሥቶ እንደ ጸሎት አነበነበው። ለሁለተኛው ጥያቄ እጃችንን ያወጣነው ገና ሳትጠይቅ ነው። ለሦስተኛው የተጠራችው አሊሻ ደግሞ ተራ ተምታታባትና የአራተኛውን መልስ መለሰች። አራተኛው ገና አልተጠየቀም።

ገምጋሚዋ መጻፏን አቁማ መነጽሯን አወለቀች። ሚስተር ፔል ግንባራቸውን ያዙ። የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ገና በጠዋቱ አልቆ ቁጭ አለ።

ሎሬይን ወደ እኔ ዞረች። ጠቀስኳት። እሷ አልጠቀሰችኝም።

ቀስ ብላ ሄዳ ጥያቄዎቿ የተደረደሩበትን ስክሪን አጠፋችው። "ዴክስተር፣ መልስህ ትክክል ነው። አሁን በራስህ አነጋገር ንገረኝ። ምን ማለት ነው?"

ዴክስተር ወደ እኔ ዞረ። "ፍራንኪ፣ ይሄንን አልነገርሽኝም እኮ።"

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"እንግዲያው ገና አልጀመርንም" አለች ሎሬይን። "የሸመደዳችሁትን እርሱት።"

ሁለት የመስታወት ዕቃ የተፈጨ በረዶ ሞልታ በየዕቃው ቴርሞሜትር አስገባች። አንዱ ላይ ጨው ዘግና ጨመረችበት። "ጨው የነካው ቶሎ ይቀልጣል። ታዲያ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?"

"ይሞቃል" አልኩ እጅ ሳላወጣ። "ካልሞቀ በምን ይቀልጣል? ግልጽ እኮ ነው ሚስ።"

"ከፍራንኪ ጋር የሚስማማ?"

ሁሉም ተስማሙ። ያን ቀን ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩ።

"በይ ነይና አንብቢልን።"

ሄድኩ። ጨው ያልነካው ዜሮ ላይ ቆሟል። ጨው ያለበት ከዜሮ በታች ነው፤ እያየሁት ደግሞ ይወርዳል።

"ይሄ ተበላሽቷል" አልኩ።

ሌላ ቴርሞሜትር ሰጠችኝ። ያም ወረደ።

"ይሄም ተበላሽቷል።"

"አዎ፣ ተማክረው ነው" አለ ዴክስተር።

"ቁጭ በዪ ፍራንኪ" አለች ሎሬይን። "እየቀለጠ ይቀዘቅዛል። ለምን?"

ከዚያ ዝም አለች።

እኔ አውቃታለሁ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ እንደደረሰ ከአገጯ አየሁት። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ውጭ ጣሪያው ላይ የባሕር ወፎቹ ይንጫጫሉ። አንድ ሰው ወንበሩን አንቋቋ። ሚስተር ፔል ወደፊት ጎንበስ ብለዋል። እኔማ ባውቀው ኖሮ ራሴ ተናግሬ እገላግላት ነበር፤ ግን አላውቀውም። ከንፈሯን ነከሰች።

"ሚስ" አለ ዴክስተር በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፤ "መቅለጥ ራሱ ሙቀት ይበላል እንዴ?"

ሎሬይን አዎ አላለችም። አይደለም አላለችም። "የሚበላ ከሆነ ከየት ነው የሚበላው?"

እንደገና ዝምታ። አሁን ግን ጠረጴዛውን ለቅቃዋለች።

"አጠገቡ ካለው" አለች አሊሻ፣ ማንም ያላስጠናትን። "ከውሃው። ከቀረው በረዶ።"

"ስለዚህ የተረፈው እየቀዘቀዘ ይሄዳል" አለ ዴክስተርና ብድግ አለ። "አያቴ ጀልባው ላይ ዓሣ በሚያቆይበት በረዶ ውስጥ ጨው ሲጨምር እብድ ነው እል ነበር። ልንካው ሚስ?"

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያዳምጣል። ሁሉም ካልነካሁ አለ፤ አንዱ ስኳርስ ብንጨምር ይላል፣ ሌላው ይከራከረዋል። ሎሬይን በመካከላቸው ቆማ ለአንድም ሰው መልስ ሳትሰጥ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች። ገምጋሚዋ እንደገና መጻፍ ጀምራ ነበር፤ አንገቷንም አታቀና። ደወሉ ሲደወል ቦርሳውን ያነሣ አልነበረም። የኛ ክፍል ደወል ረስቶ አያውቅም።

እኔ ጫማዬን እያሰርኩ በሩ አጠገብ ቆየሁ።

"መጀመሪያ ላይ ያየሁት ምን እንደሆነ አልገባኝም" አለች ገምጋሚዋ። "ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ለሌሎቹ ሠልጣኞቼ አወራዋለሁ። አልፈሻል።"

"መስከረም ላይ ቋሚ ነሽ" አሉ ሚስተር ፔል እጇን እየጨበጡ።

ሎሬይን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያውም የዴክስተር ወንበር ላይ። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ "አልፋለች" አልኩ። ክፍላችን እዚያው ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ጭብጨባው ደረጃው ድረስ ተሰማ። የእንግሊዝኛው መምህር ምን እንደሆነ ሊያዩ ብቅ ብለው እሳቸውም አጨበጨቡ።

ማታ ሎሬይን ለሁለቱም ቤት ጥብስ ዓሣና ድንች ገዝታ በጓሮው አጥር ላይ አቀበለችን። እናቴ አቅፋ ሳመቻትና ሳህን ልታመጣ ገባች። ሁለታችን ብቻ ስንቀር እኔ ምስጋናዬን ጠበቅሁ። አልመጣም።

"ሎሬይን፣ እኔ ክፍሉን ባላስጠናው ኖሮ ዛሬም ያንኑ የመተኮሻ ጠረጴዛ ትምህርትሽን አስተምረሽ ትወድቂ ነበር" አልኳት። "አስተማሪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። ቢያንስ እመኚ።"

ድንቿ ላይ ኮምጣጤ አፈሰሰች። በላች። ዝም አለች። አሁን ዝምታ ለምዳለች፤ እኔ ነኝ የከበደኝ።

"የመስከረሙን የመቀመጫ ድልድል ጀምሬያለሁ" አለች በመጨረሻ። "አንቺ ከፊት ነሽ፤ ከጠረጴዛዬ አጠገብ።"

"ረዳትሽ ሆኜ?"

"አይደለም። ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ስለማትችዪ።"