ጠብታ ያላት «ረ»

ወንዶሰን ታፔላ የሚጽፍበትን ቀለም እየበጠበጠ ሳለ ጣዲቻ ባጃጁን አዙሮ ደጃፉ ላይ አቆመ። ከባጃጁ ጀርባ ወፋፍራም የግራፊቲ ፊደሎች አፈጠጡበት፦ «የቦረና አንበሳ»። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እሱ ግን አልጻፈውም።

ከነገሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ላይ የጻፈ ሰው ነው። ግመሎቹ የቀሩት ቆመው ስለማይጠብቁት ብቻ ነው።

«አካም፣ ጋሽ ወንዶ! ናጋ?» አለ ጣዲቻ በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ናጋ። ይሄን ማን ጻፈልህ?»

«ገበያው ዳር ማተሚያ ቤት የከፈተችው ኢክራን። ስቲከር ነው፤ ሻዬን ሳልጨርስ ለጠፈችልኝ። ያንቱ እኮ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ያስቆመኛል! የእጅዎ ጽሑፍ ስለሆነ ላሳይዎ ብዬ ነው።»

ወንዶሰን ጎንበስ ብሎ «ረ»ን አያት። ከእግሯ ሥር አንዲት የቀለም ጠብታ አለች። ያችን ጠብታ ያውቃታል፤ አምና ሌላ ባጃጅ ላይ ሲጽፍ አቧራ ዓይኑ ገብቶ ቡሩሹን ያቆየባት ዕለት የወረደች ናት። መናደድ ነበረበት። ምንም አልተሰማውም። በዚያው ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ።

ኢክራን ከኮምፒውተሯ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ልመጣ ነበር! ፊደሎችዎን ከየባጃጁ ፎቶ እያነሳሁ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ፎንት ሠራሁ። ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ያወርደዋል። ሐዋሳ ያለ ልጅ ቲሸርት ላይ አትሞታል!»

«በነጻ?»

«በብር ቢሆን ማን ያወርደዋል? ስምዎን እጽፍበታለሁ። የቀሩኝ ‹ጰ› እና ‹ዠ› ናቸው፤ ባጃጁ ላይ ያስጻፋቸው ሰው የለም። እነሱን ይጻፉልኝ።»

«ከዚያ በኋላ ሰው እኔ ጋ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ኢክራን ዓይኗን ወደ ኪቦርዱ መለሰች። «አሁንስ ማን መጣ፣ ጋሼ?»

እውነቷን ነው። ከጠዋት ጀምሮ የበጠበጠው ቀለም እንኳ የማንም ትእዛዝ አልነበረም። ቢሆንም አልከፋውም። ደረቱ የተዘጋ ሱቅ ሆኖ ከርሟል።

ነጭ ወረቀት፣ ቀለምና ቡሩሽ አቀረበችለት። ቀና ሲል ስክሪኑን አየ፦ «ቦረና»፣ «በረሃ»፣ «ሐረር»። በየ«ረ»ዋ እግር ሥር ያችው ጠብታ፣ እዚያው ቦታ ላይ። አገር ምድሩ ሁሉ የእሱን ስህተት እየለጠፈ ሊዞር ነው። ያኔ ብቻ አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ቆረቆረው።

ቡሩሹን ነከረ። «ጰ»ንም «ዠ»ንም አልጻፈም። እግሯ ንጹሕ የሆነ አንዲት «ረ» ጽፎ ቀለሙ እስኪረጋ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«መጀመሪያ ይቺን ቀይሪያት» አላት። «የቀሩሽን እጽፍልሻለሁ።»